ልጅን በሕክምና መሻት የተፈቀደበትና የተከለከለበት ነገር

ቢስሚላሂ ርሕማኒ ርሒም። ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይሁን፤ ሶላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፥ በቤተ ሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይውረድ። ከዚህ በኋላ፤

አንባቢ ወንድሜ ሆይ፤ አላህ ለአንዱ ሴት ልጅን፥ ለአንዱ ወንድ ልጅን፥ ለአንዱም ሁለቱንም እንደሚሰጥ፥ የሻውንም ሰው መካን እንደሚያደርግ በሱረቱ ሹራ መጨረሻ አካባቢ ተነግሮሃል። ይህን ነገር በመስጊድ ደጋግመህ ሰምተኸዋል። ነገር ግን የሚሰሙት ሁሉ በአንድ ልብ አይሰሙትም። አምስት ልጆች በግቢው የሚሯሯጡለት ሰው ሲሰማው «እውነት ነው» ብሎ ያልፋል። ከተጋባ ዘጠኝ ዓመት አልፎት፥ ሱቁ ሞልቶ ቤቱ ጸጥ ያለበት ሰው ግን ሲሰማው ነገሩ እርሱን የሚመለከት ስለ ሆነ በልቡ ይከብድበታል። «ይህ በእኔ ላይ የተወሰነ ውሳኔ ነው፤ እንግዲህ ወደ ሐኪም ብሄድ ውሳኔውን መቃወሜ ይሆንን?» እያለ ያስባል።

ይህን ጥያቄ በሆመቾ፥ በሆሳዕና፥ በዱራሜም ያሉ ወንድሞችና እኅቶች ይጠይቁታል፤ በአደባባይ ሳይሆን ከሶላት በኋላ፥ ሰው ከተበተነ በኋላ፥ ድምፅን ዝቅ አድርገው ነው። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ሌላ ጥያቄ ተጨመረበት። በአዲስ አበባ ሐኪሞች የባልንና የሚስትን ዘር ከአካል ውጭ አገናኝተው ጽንሱን ወደ ማሕፀን ይመልሳሉ ተብሎ ተሰማ። ይህ ፈጣሪን መፎካከር ነውን? የሚወለደውስ ልጅ የማን ነው? እኔም በዚህ ጽሑፍ ለሁለቱም ጥያቄዎች በተቻለኝ መጠን እመልስልሃለሁ።

ዕወቅ፤ ቀደርን ማመን ማለት ሥራን መተው ማለት አይደለም። አንተ ነጋዴ ነህ፤ ሲሳይህ አስቀድሞ እንደ ተጻፈልህ ታምናለህ። ነገር ግን በገበያ ቀን ሱቅህን ዘግተህ «የተጻፈልኝ ይመጣልኛል» ብለህ አትተኛም። ገና ጎህ ሳይቀድ ጭነትህን ታሰናዳለህ፥ ሚዛንህን ታስተካክላለህ፥ ብድርህን ትጠይቃለህ። ማትረፉና መክሰሩ ግን ከእጅህ ውጭ መሆኑን ታውቃለህ። ለሲሳይ እንዲህ ካደረግህ ለልጅ ስለ ምን እጅህን ታጣጥፋለህ? ነቢዩ (የአላህ ሶላትና ሰላም በእርሳቸው ላይ ይሁን) ግመሉን ሳያስር በአላህ ሊመካ ለፈለገው ሰው አስቀድሞ እንዲያስራት፥ ከዚያም እንዲመካ ነግረውታል። ስለ በሽታም የጠየቋቸውን ሰዎች እንዲታከሙ አዘዋቸዋል፤ ከእርጅና በቀር መድኃኒት ያልተደረገለት በሽታ እንደሌለም አስረድተዋቸዋል።

የምእመናን አለቃ ዑመር ወደ ሻም ሲጓዙ ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው ከመንገድ በተመለሱ ጊዜ አቡ ዑበይዳ ከአላህ ውሳኔ መሸሽ ነውን ብለው ጠየቋቸው። ዑመርም ከአንዱ የአላህ ውሳኔ ወደ ሌላው የአላህ ውሳኔ እንደሚሄዱ መለሱላቸው፤ ሸለቆው በአንድ ወገን ለምለም፥ በሌላው ወገን ደረቅ ቢሆን እረኛ ግመሎቹን በየትኛውም ቢያሰማራ ያሰማራው በአላህ ውሳኔ ነው ብለው ምሳሌ ሰጡ። እንግዲህ መካንነቱ ውሳኔ ከሆነ መድኃኒቱም ውሳኔ ነው። የትኛው እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው የለም።

ብትለኝ፦ «ነቢዩ ዘከሪያ ልጅ ባጡ ጊዜ ጸለዩ እንጂ ወደ ሐኪም አልሄዱም፤» እልሃለሁ፦ አንተም ጸልይ፤ ጸሎት የምክንያቶች ሁሉ ራስ ነው። ዘከሪያ አጥንታቸው ደክሞ፥ ራሳቸው ሸብቶ፥ ሚስታቸው መካን ሆና ሳለ በስውር ጌታቸውን ለመኑ፤ አላህም «ውሳኔዬን ለምን አትቀበልም» ብሎ አልወቀሳቸውም። ደግሞ በሱረቱል አንቢያ የተነገረውን አስተውል፤ አላህ የሕያን እንደ ሰጣቸው ብቻ ሳይሆን ሚስታቸውን እንዳበጀላቸው ጭምር ይነግረናል። ብዙዎቹ የተፍሲር ሊቃውንት ይህን ሲተረጉሙ መካን የነበረችው እንድትወልድ ተደረገች ብለዋል። እንግዲህ የማይወልድ ማሕፀን መበጀቱ በራሱ ከጸጋ የተቆጠረ ነገር ነው።

ይልቁንስ ከተወኩል የሚያወጣው ሌላ ነው። ወደ ሐኪም መሄድን የሚፈሩ አንዳንድ ሰዎች ወደ ጠንቋይ መሄድን አይፈሩም። ዶሮ በቀለም አስመርጦ የሚያሳርድህ፥ ክታብ በሴቲቱ ወገብ ላይ አስሮ ገንዘብህን የሚቀበልህ ሰው፤ እርሱ ነው እምነትህን የሚያበላሽ። ሐኪሙ «ይሆናል ወይም አይሆንም» ይልሃል፤ ጠንቋዩ ግን «እኔ እሰጥሃለሁ» ይልሃል። ከሁለቱ ማንኛው የአላህን ሥልጣን እንደ ደፈረ አንተው ፍረድ።

ሁለተኛውን ጥያቄ ከመመለሴ በፊት በአገራችን በብዛት የሚፈጸም አንድ በደል አለና እርሱን ልናገር። ልጅ ሲጠፋ ጣት የሚቀሰረው በሚስት ላይ ነው። አማቶች ያጉረመርማሉ፤ ጎረቤት ይጠቃቀሳል፤ ባልየውም ሳይመረመር «ይህች ደረቅ ናት» ብሎ ይፈታታል፥ ወይም በላይዋ ያገባል። ሁለተኛይቱም ሳትወልድ ትቀራለች፤ ያን ጊዜ እርሷም ተራዋን ትወቀሳለች። ሐኪሞች አንድ ባልና ሚስት ያለ መከላከያ 12 ወር አብረው ኖረው ካልፀነሱ ምርመራ ያስፈልጋቸዋል ይላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2023 ባወጣው መግለጫ ከ6 ሰዎች አንዱ ያህል በዕድሜው ውስጥ ይህ ችግር እንደሚያገኘው አስታውቋል። ልጅ ካጡት ባልና ሚስቶች መካከልም በግማሽ ያህሉ ላይ ችግሩ በባልየው ወገን ብቻ፥ ወይም በሁለቱም ወገን ይገኛል። የባልየው ምርመራ ደግሞ ከሚስትየው ምርመራ ይልቅ ቀላልና ርካሽ ነው፤ ዘሩ በላቦራቶሪ በማይክሮስኮፕ ይታያል፥ ብዛቱና እንቅስቃሴው ይቆጠራል፥ ያ ብቻ ነው። አንተ ሚዛንህ ቢዛባ አንዱን ሰሃን ብቻ እያየህ ሌላውን ሳታይ አትተወውም። በገበያ የማታደርገውን በሚስትህ ላይ አታድርግ። ያልተረጋገጠ ነገር በንጽሕት ሴት ላይ መናገር ቀላል ኃጢአት አይደለም።

የመካንነት ምክንያቱ ብዙ ነው። በሴቲቱ ወገን እንቁላል በየወሩ በወቅቱ አለመውጣት፥ ወይም በጊዜው ባልታከመ ቁስለትና በሳንባ ነቀርሳ ምክንያት የማሕፀን ቱቦዎች መዘጋት፤ በወንዱ ወገን የዘር ማነስ፥ መድከም፥ ወይም መንገዱ መዘጋት። ከእነዚህም ብዙው በእንክብል ወይም በቀላል ቀዶ ሕክምና ይረዳል። አሁን የምገልጽልህ ሕክምና የመጨረሻው በር እንጂ የመጀመሪያው አይደለም።

የሕክምናው ስም በአጭሩ አይ ቪ ኤፍ ይባላል፤ ዐረቦች የቱቦ ሕፃናት ይሉታል። ነገር ግን ሕፃኑ በቱቦ ውስጥ ያድጋል ማለት አይደለም፤ ይህ ያላወቁ ሰዎች ወሬ ነው። ሥራው እንዲህ ነው። ሴት በተፈጥሮዋ በወር አንድ እንቁላል ታዘጋጃለች። በዚህ ሕክምና ከ10 እስከ 14 ቀን ያህል የሆርሞን መርፌ በየቀኑ ትወጋለች፤ ብዙ እንቁላሎችም በአንድ ጊዜ ይበስላሉ። ሐኪሙ በአልትራሳውንድ እድገታቸውን ይከታተላል። በደረሱም ጊዜ የመጨረሻ መርፌ ይሰጣታል፤ ከ36 ሰዓት ያህል በኋላ፥ ሕመም እንዳይሰማት ተደርጎ፥ በቀጭን መርፌ እንቁላሎቹ ይቀዳሉ። በዚያው ቀን ባልየው ዘሩን ይሰጣል። ሁለቱም በላቦራቶሪ በአንድ ሳሕን ውስጥ ይገናኛሉ። የባልየው ዘር እጅግ ደካማ ከሆነ አንዲቱን ዘር ብቻ መርጠው በመርፌ ወደ እንቁላሉ ውስጥ ያስገባሉ፤ ይህ መንገድ እንደ ፈረንጅ በ1992 በቤልጅግ አገር በብራስልስ የተገለጸ ነው። በማግሥቱ የትኛው እንቁላል እንደ ፀነሰ ይታያል። ከ3 እስከ 5 ቀን ጽንሱ በተመጠነ ሙቀት ይጠበቃል፤ ከዚያም አንዱ፥ ወይም አንዳንድ ጊዜ ሁለቱ፥ በቀጭን ቱቦ ወደ እናቲቱ ማሕፀን ይገባል። ከሁለት ሳምንት በኋላ በደም ምርመራ መፀነሷ ይታወቃል። የቀረው ዘጠኝ ወር እንደ ማንኛዋም እናት ነው።

በዚህ መንገድ የመጀመሪያዋ ሕፃን የተወለደችው እንደ ፈረንጅ ሐምሌ 25 ቀን 1978 በእንግሊዝ አገር ኦልድሃም በምትባል ከተማ ነው፤ ስሟ ሉዊዝ ብራውን ይባላል። የእናቷ ቱቦዎች ተዘግተው ነበር። ሥራውን የሠሩት ሮበርት ኤድዋርድስ የተባለው የሥነ ሕይወት ሊቅ፥ ፓትሪክ ስቴፕቶ የተባለው ሐኪምና ጂን ፐርዲ የተባለችው ነርስ ናቸው፤ ኤድዋርድስም በ2010 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል። በዓለም ላይ እስካሁን በዚህ መንገድ የተወለዱት ከ10 ሚሊዮን ይበልጣሉ። በአገራችን ቀድሞ ገንዘብ ያለው ሰው ወደ ህንድ፥ ወደ ታይላንድ ወይም ወደ ሌላ አገር ይሄድ ነበር፤ ገንዘብ የሌለው ይቀር ነበር። በ2011 ዓ.ም. ግን በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ የመጀመሪያው የመንግሥት ማዕከል ተከፈተ። የግል ማዕከሎችም አሉ። የሆስፒታሉ ስም አያስደንግጥህ፤ ከሚያክሙትም ከሚታከሙትም ውስጥ ሙስሊሞች ብዙ ናቸው፤ ነቢዩም በሂጅራ መንገዳቸው እስልምናን ያልተቀበለ ነገር ግን መንገድ የሚያውቅና የታመነ መሪ ቀጥረዋል።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ፍጥረት ነውን? አይደለም። ሐኪሙ ከምንም ያስገኘው ነገር የለም። አላህ በባል ጀርባና በሚስት አካል ውስጥ ያኖረውን ሁለት ጠብታ ወስዶ፥ መንገዱ ስለ ተዘጋ፥ በሌላ መንገድ አገናኘ። ገበሬ ዘርን ከጎተራ አውጥቶ በእርሻ ላይ ቢበትን «አበቀልሁ» ሊል እንደማይችል አላህ በሱረቱል ዋቂዐ ከሰው ዘር ቀጥሎ ስለ አዝመራው እየጠየቀ አስተምሮናል። ደግሞም በዓይንህ ልታየው ትችላለህ፤ ጽንሱ መልካም፥ ማሕፀኑ ጤናማ፥ ሐኪሙ ብልህ ሆኖ ሳለ ብዙ ጊዜ አይያዝም። በእንግሊዝ አገር የተጠናቀረው መዝገብ እንደሚያሳየው ዕድሜዋ ከ35 በታች ለሆነች ሴት ወደ ማሕፀን ከሚገቡት 3 ጽንሶች አንዱ ያህል ብቻ ልጅ ሆኖ ይወለዳል፤ 43 ዓመት ለሞላት ግን ከ20 አንዱ ያህል ነው። የቀሩት ለምን አልያዙም ብለህ ብትጠይቅ ሐኪሙ ብዙ ጊዜ መልስ የለውም።

የሕጉን ነገር እነሆ። ጉዳዩ ለሊቃውንት ፍጹም እንግዳ አልነበረም። ኢማም ነወዊ፥ በ676 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት፥ በየመድረሳው በሚነበበው ሚንሃጅ በተባለው መጽሐፋቸው በዒዳ ምዕራፍ ላይ ሴት ዒዳ የምትቆጥረው ግንኙነት ሲፈጸም ብቻ ሳይሆን የባሏ ዘር ያለ ግንኙነት ወደ ማሕፀኗ ሲገባም እንደ ሆነ ጽፈዋል። የሻፍዒያ ሊቃውንትም በዚህ ላይ የልጁን ነሰብ አያይዘዋል። ማሽንና ማይክሮስኮፕ ሳይታሰብ ከ700 ዓመት በፊት፥ ልጅን ከአባቱ የሚያገናኘው በኒካሕ ውስጥ የተገኘ ዘር እንጂ የአልጋው ሥራ ብቻ አለመሆኑን አስተዋሉ። ነቢዩ ልጅ ለፍራሹ ነው ማለታቸውን ሊቃውንት ሲተረጉሙ ፍራሽ ማለት ጋብቻ ማለት ነው ብለዋል።

በዘመናችን እንደ ፈረንጅ በ1980 የግብፅ ሙፍቲ የነበሩት ሸይኽ ጃድ አል-ሐቅ ዓሊ ጃድ አል-ሐቅ በጉዳዩ ላይ ፈትዋ ሰጡ። በ1407 ዓመተ ሂጅራ፥ ይኸውም እንደ ፈረንጅ በ1986፥ ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ በዐማን ከተማ ተሰብስቦ ሰባት ዓይነት መንገዶችን መረመረ። አምስቱን ከለከለ፥ ሁለቱን ፈቀደ። የተፈቀዱት ዘሩ የባል፥ እንቁላሉ የሚስት፥ ማሕፀኑም የዚያችው ሚስት የሆነበት ነው፤ ይህም በአካል ውስጥ ቢደረግ ወይም በላቦራቶሪ ቢደረግ፥ አስፈላጊ ሲሆንና ጥንቃቄ ሲደረግ ነው። ሦስተኛ ሰው የገባበት ሁሉ ተከለከለ፤ የባዕድ ወንድ ዘር፥ የባዕድ ሴት እንቁላል፥ የተከራየች ማሕፀን። ከሺዓ ሊቃውንት አንዳንዶቹ በለጋሽ ነገር ሌላ አስተያየት እንዳላቸው ይታወቃል፤ በአህለ ሱና ሊቃውንት ዘንድ ግን ክልክልነቱ የጸና ነው።

ብትለኝ፦ «ባልየው ከፈቀደ፥ ሚስትየው ከፈቀደች፥ ለጋሹም ከፈቀደ ማን ተበደለ?» ጥያቄው ብርቱ ነውና ቸል አልለውም። እልሃለሁ፦ አንተ የሽያጭን ሕግ ታውቃለህ። ሁለት ሰዎች ተስማምተው የሦስተኛውን ሰው ቤት ሳያስፈቅዱት ቢሸጡ ስምምነታቸው ያ ቤት የእነርሱ እንዲሆን አያደርገውም። በዚህ ነገር ላይ ሦስተኛው ሰው ልጁ ነው። ውሉ ሲዋዋሉት አልነበረም፤ ነሰቡ ግን የእርሱ ንብረት ነው። አባቱ ማን እንደ ሆነ የማወቅ፥ ከአባቱ የመውረስ፥ ከማን ጋር ሊጋባ እንደማይገባው የማወቅ መብቱ በሌሎች ፊርማ ሊፋቅ አይችልም። አላህ በሱረቱል አሕዛብ ልጆችን በአባቶቻቸው ስም እንድንጠራ ያዘዘው ስለዚህ ነው። ደግሞም አንተ በሀዲያና በከምባታ የምትኖር ሰው ነህ፤ በአንተ አገር ጎሳ ይቆጠራል፥ አያት ቅድመ አያት ይጠየቃል፥ ዝምድና ሳይጣራ ልጅ አይታጭም። የአንድ ለጋሽ ዘር በዐሥር ቤት ቢገባ ከሃያ ዓመት በኋላ ወንድም እኅቱን ሳያውቅ ሊያጫት ይችላል። ይህን የሚሰማ የአገር ሽማግሌ ሸሪዓው ለምን እንደ ጠነከረ ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገውም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምር አንድ ነገር ልንገርህ። አንድ ሰው ሁለት ሚስቶች ቢኖሩት፥ አንደኛዋ እንቁላል ቢኖራት ነገር ግን ማሕፀን ባይኖራት፥ ጽንሷ በጣውንቷ ማሕፀን ሊያድግ ይችላልን? ሁሉም በአንድ ባል ኒካሕ ውስጥ ናቸው፤ ባዕድ ወንድ አልገባም። በ1404 ዓመተ ሂጅራ፥ ይኸውም በ1984፥ በመካ ያለው የዓለም እስልምና ሊግ የፊቅህ ምክር ቤት በብዙ ጥንቃቄ ይህን ፈቅዶ ነበር። በማግሥቱ ዓመት በ1985 ግን ራሱ ምክር ቤቱ ፈቃዱን አነሣው። ምክንያቱም የተሸከመችው ሚስት በዚያው ጊዜ ከባሏ ልትፀንስ እንደምትችል ተመለከቱ፤ ሁለት ቢወለዱ የትኛው የየትኛዋ እንደ ሆነ አይለይም፤ አንዱ ሞቶ ቢጨነግፍም የሞተው የማን እንደ ሆነ አይታወቅም። አባቱ የታወቀ ቢሆንም እናቲቱ ጠፋች። አላህ በሱረቱል ሙጃደላ እናቶች የወለዱ ናቸው ብሎ ነግሮናል፤ እንቁላሉ ደግሞ የሌላይቱ ነው። እንዲህ ያለ ልጅ አባቱ ነጋዴ ሆኖ ቢሞት፥ ውርስ ሲከፈል፥ ከኋላም ልጁ ቢሞት የእናትነቱን ሲሶ ወይም ስድስተኛ የምትወስደው የትኛዋ ናት? ታላላቅ ሊቃውንት በአንድ ዓመት ውስጥ ፈቃዳቸውን ማንሣታቸው ውርደት አይደለም፤ ሐኪሞችን ሰምተው፥ ነገሩን መርምረው የደረሱበት ነውና ክብራቸው ነው።

ኒካሕ ከሌለ ፈቃዱ የለም። ባል ከሞተ በኋላ በበረዶ የተቀመጠውን ዘሩን ወይም ጽንሱን ልትጠቀምበት የምትሻ መበለት ኀዘኗ ልብን ይነካል፤ ነገር ግን ጋብቻው በሞት ስለ ተፈታ ብዙኀኑ ሊቃውንት አልፈቀዱላትም። ከፍች በኋላም እንዲሁ ነው።

የተረፉት ጽንሶች ነገር ደግሞ በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። ዐሥር እንቁላል ፀንሶ ሁለቱ ብቻ ቢገቡ ስምንቱ ምን ይሆናሉ? ኢማም ገዛሊ በኢሕያእ የጋብቻ ክፍል ላይ የሰውን መገኘት በደረጃ ከፍለው የወንድና የሴት ዘር ከተቀላቀለ በኋላ ማበላሸቱ በደል እንደ ሆነ፥ ደረጃው ከፍ ባለ መጠንም በደሉ እንደሚከብድ ጽፈዋል። ፊቅህ አካዳሚውም በ1990 በጂዳ በዚህ ላይ ውሳኔ ሰጠ፤ በየጊዜው ለማስገባት የሚያስፈልገው ቁጥር ብቻ ይፅነስ፥ ሆኖም ቢተርፍ ያለ ሕክምና ተትቶ በተፈጥሮው ይለፍ፥ ለሌላ ሴት ግን በምንም መንገድ አይሰጥ ብሏል። ስለዚህ ወደ ማዕከል የምትሄድ ወንድሜ ሆይ፤ አንተ ዕቃ ስትረከብ ደረሰኙን ሳታነብ አትፈርምም፤ በዚህም ላይ አንብብ። ስንት እንቁላል እንደሚፅነስ አስቀድመህ ተነጋገር። የተረፈው ምን እንደሚደረግ በጽሑፍ ይገለጥ። የእናንተ ናሙና ከሌላ ሰው እንዳይቀላቀል ስማችሁ በየዕቃው ላይ እንዴት እንደሚጻፍና ማን እንደሚያረጋግጥ ጠይቅ። መጠየቅህ ሐኪሙን መጠርጠር አይደለም፤ ጥሩ ሐኪም በጥያቄው ይደሰታል።

የሴትን ገላ ስለ መመልከት፤ ያለ አስፈላጊ ምክንያት አይፈቀድም፥ በሕክምና ምክንያት ግን በሚያስፈልገው መጠን ይፈቀዳል። ሴት ሐኪም ከተገኘች እርሷ ትቅደም፤ ካልተገኘች ወንድ ሐኪም ባልየው ወይም ሌላ ሴት ባለችበት ያክማት። ዘሩን ስለ መስጠትም የሚያፍር ሰው በሚስቱ እርዳታ ቢያደርገው ነውር የለበትም።

ስለ ገንዘብ ደግሞ አጭር ቃል። ይህ ሕክምና ውድ ነው፤ ከሆመቾ ተነሥቶ በሆሳዕና አድርጎ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ ውስጥ ሳምንታት መቀመጥ ራሱ ብዙ ያስወጣል። የተፈቀደ እንጂ ግዴታ ያልሆነ ነገር ነውና ለእርሱ ሲሉ ወደ ሪባ መግባት አይገባም። የዘካህን ገንዘብም አትንካ። የሚስትህ መህርና ወርቅ የራሷ ሀብት ነው፤ ወዳ ካልሰጠችህ «ልጅ ለእርስዋም ነው» ብለህ ልትሸጥባት አትችልም። አንድ ጊዜ ሞክራችሁ ባይሳካ ደግሞም ሁለተኛ ሦስተኛ ከመሞከራችሁ በፊት እርሷን ጠይቃት፤ መርፌው የሚወጋው በእርሷ አካል ነው። በቃኝ ካለች በቅቷታል።

አንባቢ ወንድሜ ሆይ፤ ሁሉ ተሞክሮ ልጅ ያልተሰጠው ሰው እንዳለ አንዘነጋም። የምእመናን እናት ዓኢሻ (አላህ ሥራቸውን ይውደድላቸው) አልወለዱም። ከባልደረቦች መካከል በዕውቀት የሚበልጧቸው ጥቂት ነበሩ፤ መጠሪያቸውም የእኅታቸው የአስማእ ልጅ በሆነው በዐብደላህ ስም ኡሙ ዐብደላህ ነበር። ከማሕፀናቸው ልጅ ሳይወጣ እናት ተብለው ይጠራሉ፤ የምእመናን ሁሉ እናት ናቸው። በአገርህም በሆሳዕና ያለው የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል በንግሥት እሌኒ ስም ይጠራል። ንግሥት እሌኒ በ15ኛው መቶ ዘመን የሀዲያው ገራድ የሙሐመድ ልጅ ሳሉ ወደ ነገሥታቱ ቤት የገቡ ናቸው፤ ከአብራካቸው የወጣ ልጅ ታሪክ አልመዘገበላቸውም፥ ነገር ግን ሌላይቱ የወለደችው ልብነ ድንግል በልጅነቱ ሲነግሥ መንግሥቱን የጠበቁለት እርሳቸው ናቸው። ዛሬ የሀዲያ እናቶች የሚወልዱት በእርሳቸው ስም በተሰየመ ቤት ነው።

የሌላ ሰው ልጅ አምጥቶ ማሳደግም ትልቅ ሥራ ነው፤ የቲምን ያሳደገ ሰው በጀነት ከነቢዩ ጋር ምን ያህል እንደሚቀራረብ እርሳቸው ሁለት ጣቶቻቸውን እያሳዩ ተናግረዋል። የተከለከለው ማሳደጉ አይደለም፤ የአባቱን ስም መቀየሩ ነው። እንግዲህ ልጁን ስትወስድ በአባቱ ስም አቆየው፤ አባቱ ካልታወቀ በሃይማኖት ወንድምህ ነው። ልጁ አድጎ በቤትህ ባዕድ እንዳይሆን ከፈለግህ በሁለት ዓመቱ ውስጥ ሳለ ይጥባ፤ በሻፍዒይ መዝሀብ አምስት ጊዜ ጠግቦ መጥባት ይበቃል። ወንድ ከሆነ የሚስትህ እኅት ብታጠባው ሚስትህ አክስቱ ትሆናለች፤ ሴት ከሆነች ያንተ እኅት ብታጠባት አንተ አጎቷ ትሆናለህ፤ እንግዲያስ በአንድ ጣራ ሥር ያለ ችግር ትኖራላችሁ። ከውርስ ግን ድርሻ የለውምና ከሀብትህ ሲሶ ሳያልፍ በሕይወትህ ሳለህ በምስክር ፊት ኑዛዜ ጻፍለት፤ ካንተ በኋላ ወንድሞችህ ከቤት እንዳያስወጡት።

ወላሁ አዕለም።